የአንድ ዙር ውለታ

ጥር 27፣ ማታ

ይህን ደብተር የሰጠኝ ባለቤቴ ነው። "ለሰው የማይነገረውን ለዚህ ንገሪውና እኔ እንቅልፌን ልተኛበት" አለኝ። መምህር ስለሆነ ደብተር ቤታችን ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። እንቅልፍ ግን እውነቱን ነው፣ ከጠፋ ሰነበተ።

ከዛሬ ጀምሮ የከተማው ውሃ አገልግሎት ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የቀድሞው አለቃችን ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሄደ። ማጠራቀሚያው መጉደል እስኪጀምር ጠብቆ ነው የሄደው፤ ብልህነቱን ማንም አይነሳውም። ወንበሩ ለእኔ ከፍ ስለሚል እግሬ ወለሉን በወጉ አይነካም። ጸሐፊያችን ከእግሬ ሥር የሚሆን ሳጥን አምጥታ ስታስቀምጥ ሁለታችንም ሳቅን። ሳጥኑን ግን አልመለስኩትም።

እማዬ ጋ ደውዬ ነገርኳት። "በልተሻል?" አለችኝ።

የካቲት 1

ለከተማው ምክር ቤት የምናገረውን ስጽፍ ዋልኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፤ ታችኛው ሰፈር፣ መሃሉ፣ ላይኛው ሰፈር። በበጋ ውሃው ሲያንስ ለሁሉም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንለቃለን። ያችን ትንሽ ታችና መሃል ይጨርሷታል፤ ላይኛው ሰፈር ከቧንቧው የሚያገኘው ፉጨት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በፈረቃ ይሁን እላለሁ። ታችኛው ሰፈር ተራው ሲደርስ እስኪጠግብ ይቅዳ፣ ተራው ካልሆነ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋ። ያኔ ዋናው መስመር ላይ ያለው ግፊት ይጠነክርና ውሃው እስከ ላይኛው ሰፈር ታንከር ድረስ ራሱን ችሎ ይወጣል።

ከንቲባው በስልክ "ራዕይሽን ባጭሩ አብራሪልን" አለኝ። ራዕይ የሚባለውን ቃል አልወደውም። እንደተቀጠርኩ ሰሞን ላይኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ቧንቧ ልጠግን ወጥቼ ነበር። አዋላጇ በጥርኝ ውሃ እጇን እየታጠበች ወደ ምጥ ክፍል ስትገባ አየሁ። ቧንቧው ደህና ነበር፤ የሚጠገን ነገር አልነበረውም። መሣሪያዬን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሐሳብ አለቀቀኝም። ራዕይ ማለት ይህ ከሆነ፣ አለኝ።

የካቲት 5

አለፈ። በጥቂት ድምፅ ብልጫ፣ ግን አለፈ።

እስከ በጋው መጨረሻ ይሞከራል። ሚያዝያ ላይ በአዳራሹ ሕዝብ ባለበት ስብሰባ ይደረግና ፈረቃው ይቀጥል ወይስ ይቅር፣ እኔስ በቦታው ልጽና ወይስ ልነሳ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይወሰናሉ። ከንቲባው "አንቺንና ፈረቃውን በአንድ ገመድ አስረናችኋል" አለኝ እየሳቀ።

ከታችኛው ሰፈር የመጣ አንድ አናጢ ተነስቶ "እናትሽ እኛ ሰፈር አይደሉም ወይ የሚኖሩት?" ሲል ጠየቀኝ። "ናቸው። እንደ እናንተው በተራቸው ይቀዳሉ" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ኩራቴን ልደብቅ ብል ይህ ደብተር ይታዘበኛል።

የካቲት 8፣ ማታ

ነገ የመጀመሪያው ፈረቃ ነው። አባ ቁልፍ ቢሮዬ መጥቶ ሻይ ጠጣ። የቫልቭ ሠራተኞቹ አለቃ ነው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ያን ረጅም የቫልቭ መክፈቻ ትከሻው ላይ አጋድሞ ከተማውን ሲዞር ያረጀ ሰው ነው። ስቀጠር "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጫማ ጉድጓድ አይወረድም" ያለኝ እሱ ነው። ከተሾምኩ ወዲህ ግን "እርስዎ" ይለኛል። ተው ብለውም አይሰማም።

የድሮውን አነሳን። ልጄን የወለድኩ ጊዜ እነሱ ለቤቴ ያደረጉትን አልረሳም። የቫልቭ ሠራተኞቹ ልማድ አላቸው፤ ከመካከላችን አንዱ ቤት አራስ ወይም በሽተኛ ካለ፣ የዚያ ሰው መንገድ ሲዘጋ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ሳያጠብቁ አንድ ዙር ያስቀሩለታል። በዚያ መንገድ ላይ ላሉት ቤቶች ሁሉ ቀጭን ውሃ ሌት ተቀን ይወርዳል። ማንም አያዝም፣ ማንም አይጠይቅም። የልጄን ጨርቅ ያጠብኩት በዚያ ውሃ ነው። ልጄ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት ከወጣች ቆየች፤ እኔ ግን ያን ባስታወስኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ፕሮግራሙን እየፈረምኩ "እማዬ ደግሞ ጉልበቷ ብሶባታል፤ ከበርሜል እየቀዳች እንዴት እንደምትሆን እንጃ" አልኩ። ለራሴ ነበር ያልኩት። አባ ቁልፍ ብርጭቆውን አስቀመጠና "እናት የሁሉም ናት እትዬ፤ አያስቡ" አለኝ። ደስ አለኝ። አንዳንዴ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ብቻውን ይበቃል።

የካቲት 9

ታችኛው ተዘጋ። ስልኩ ፋታ ነሳኝ። ምሳ የለም። ጸሐፊዋ ብስኩት ሰጠችኝ፣ ኪሴ ውስጥ ተፈረካከሰ።

ላይኛው ሰፈር ታንከር፦ ግማሽ እንኳ አልሞላም። በስሌቴ እስከ አፉ መሙላት ነበረበት። አዋላጇ ደወለች፤ አሁን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆናለች። "ፉጨቱ ወፈር ብሏል፤ ይህም መሻሻል ነው" አለችኝ። ቀልዷ አሳቀኝ፣ ስልኩን ስዘጋ ግን አልሳቅኩም።

የካቲት 14፣ ማታ

እማዬን ልጠይቅ ወረድኩ። ዛሬ የታችኛው ሰፈር ተራ አይደለም። ቤቷ ከመንገዱ ሁሉ ዝቅ ብሎ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። የድሮዋ ወንበሯ ከበሩ ውጪ የለችም፤ ወደ ውስጥ አስገብታታለች። "ምነው ውጪ መቀመጥ ተውሽ?" ስላት "የጎረቤቱ ሰላምታ በዛብኝ" አለችኝ። ሰላምታ በዝቶበት ያኮረፈ ሰው እማዬን ብቻ አየሁ።

ሳህኖቹ ሳይታጠቡ ተደራርበዋል። እሷ እንዲህ አልነበረችም። ጓሮ ያለው ቧንቧ አፉ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ይንጠባጠባል።"

"ውሃ በሌለበት ቀን ምኑ ይንጠባጠባል?"

ቀና ብላ አየችኝ፣ ትክ ብላ። ልትናገር ስትል ስልኬ ጮኸ፤ መሃል ከተማ ቧንቧ ፈንድቷል። ግንባሯን ስሜ ሮጥኩ። አሁን ሳስበው አስተያየቷ ደስ አላለኝም። ፈረቃውን አልወደደችውም መሰለኝ። ለልጇ ስትል ነው እንጂ በሆዷ ከሰፈሯ ሰዎች ጋ ናት።

የካቲት 20

ሁለተኛው ፈረቃም ከሸፈ። ታንከሩ ከግማሽ አይዘልም። ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ዛሬ ራሴ ጫማ ቀይሬ ቫልቮቹን አንድ በአንድ አየሁ። መሃሉ ደህና ነው። ታችኛው ሰፈርም እስካየሁት ደህና ነው። የእማዬ መንገድ ላይ ስደርስ መሸብኝ፤ እሱን ተውኩት።

የካቲት 24

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" አለች። ሌላዋ ክንዷን ነካ አደረገቻትና ጸጥ አሉ። ዞሬ ሰላም አልኳቸው። ስለ ደመወዜ ነው የሚያወሩት ብዬ ገምቻለሁ። ተጠባባቂ ምንም ጭማሪ እንደሌለው ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ደግሞ ዳቦ ተሰልፎ ስለ ደመወዝ ማውራት ምን ያደርጋል።

መጋቢት 2፣ ማታ

ባለቤቴ ሻሽ አስሮ ሽንኩርት ሲከትፍ ደረስኩ። "አለቃዬ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለኝና አጎነበሰ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳላስበው ማልቀስ ጀመርኩ። እሱም በሽንኩርቱ ሳቢያ እያለቀሰ ነበር፤ ሁለታችንም እንባችንን ስንጠርግ ላየን ሰው የምር ጉድ ነን።

ነገርኩት። ፓምፑ ደህና ነው። ዋናው መስመር ደህና ነው። መለኪያዎቹ ደህና ናቸው። ውሃው ግን አይወጣም።

"ቫልቮቹን ሁሉ አይተሻል?"

"ከሞላ ጎደል።"

"የጎደለችው የት ናት?"

"የእናቴን በር ነው እንዴ የምትጠረጥረው!" ብዬ ጮህኩበት። እሱ የእማዬን ስም አላነሳም። ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ጨመረ። ቆይቶ መጥቶ ፀጉሬን ዳሰሰኝ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም፤ ድካም ነው።

መጋቢት 7

አዋላጇ ደወለች። ሌሊት አንዲት ሴት ወልዳ ውሃ ስላለቀ የሕፃኗ አያት ከመሃል ከተማ ጀሪካን ተሸክመው ወጡ። "ሕፃኗም እናቷም ደህና ናቸው፤ አያትየው ናቸው የታመሙት" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ይወጣል ወይስ አይወጣም? አይወጣም ካልሽኝ እንደ ድሮው እንለምደዋለን። ተስፋው ነው የሚያደክመው" አለች።

"ይወጣል" አልኳት። በምን ተማምኜ እንደሆነ እንጃ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

የእማዬን መንገድ ቫልቭ ዛሬ ላየው ወጥቼ ከንቲባው አስጠራኝ።

መጋቢት 12

እማዬ ቤት፣ ለጥቂት ደቂቃ። መድኃኒቷን አደረስኩላት። ጉልበቷን ሳሽላት ፀጉሬን እየነካካች "እኔን አታስቢ ልጄ። እኔ እንደ ሰው እሆናለሁ። እኔን ብለሽ ስምሽ አይነሳ" አለችኝ።

"ምን ብዬ አንቺን አላስብም?"

"አታድርጊው ነው የምልሽ።"

ፈረቃውን ተይው ማለቷ ነው። ልቤ ተሰበረ። ባለቤቴም፣ አዋላጇም፣ የገዛ እናቴም። "ከጀመርኩት በኋላማ አልተውም" አልኳት፣ ቆጣ ብዬ። እጇን ከፀጉሬ አነሳች። እስከ በር ሸኘችኝ፣ በዚያ ጉልበቷ። መንገዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ከቤቱ ብቅ ብሎ "ልጅሽን ይባርክልሽ!" ሲላት አንገቷን ደፍታ ገባች።

መጋቢት 18

ቢሮ ስገባ ወሬው ቆመ። ሾፌሩ መኪናውን ሊያጥብ ወጣ፤ ትናንት አጥቦታል። ጸሐፊዋ "እትዬ፣ አንድ ነገር..." ብላ ጀመረችና "...ማኅተሙ ቀለም ጨርሷል" ብላ ጨረሰች። ማኅተሙን አየሁት፣ ቀለም ሞልቶታል።

ቀድሞ እኔ ስገባ ነበር ወሬው የሚደራው። አለቃ መሆን ማለት ሰው ሁሉ እግርሽን ሰምቶ የሚነሳበት ቤት ውስጥ መኖር ነው መሰለኝ። ተቀየሙኝ ይሆን? አብዝቼ አዘዝኳቸው? እሑድን ጨምሬ አሠራኋቸው፣ እሱ ነው። ነገ ለሁሉም እረፍት እሰጣለሁ።

መጋቢት 23

ታችኛው ሰፈር አንድ ቫልቭ ሌሊት በድንጋይ ተሰብሮ አደረ። ያ አናጢ ከሰዎች ጋ ደጃፌ ላይ መጥቶ "ወይ ለሁላችን ዝጉ፣ ወይ ለሁላችን ክፈቱ" አለ። "ለሁላችሁም እኮ ነው የተዘጋው" አልኩት። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። የንዴት ሳቅ አልነበረም፤ የታዘበ ሰው ሳቅ ነበር። ይሄ ነው የባሰብኝ።

መጋቢት 26፣ ሌሊት

ሳይነጋ ልጻፈው።

የተሰበረውን ቫልቭ ስንቀይር ውዬ እጄ በቅባት ጠቁሮ እማዬ ቤት ጎራ አልኩ። የታችኛው ሰፈር ተራ ከነገ ወዲያ ነው። እማዬ በር ላይ "እስኪ እጅሽን እዪው" ስትለኝ እንደ ልጅነቴ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ጨርቁን ፈትቼ ቧንቧውን ከፈትኩት። ሳላስበው። ሰው የእናቱ ቤት ሲገባ ሥራ አስኪያጅነቱን በር ላይ ይተወዋል።

ውሃ መጣ።

ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ምንም ፉጨት የሌለው። ቅባቱ በጣቶቼ መሃል ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ቀና ስል እማዬ ደጃፉን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። "ዝጊው" አለችኝ ቀስ ብላ። ዘጋሁት። ጨርቁን መልሳ አሰረችው። ለምን አልጠየቅኳትም? "ይህ ከየት መጣ?" የሚል ጥያቄ እኮ ለመናገር ቀላል ነው። አፌ ላይ ሞተ።

ከመኪናው መክፈቻውን አውጥቼ የመንገዱን ጉድጓድ ክዳን አነሳሁ። ቫልቩን ወደ መዝጊያው ገፋሁት፤ አንድ ሙሉ ዙር ዞረና ግጥም አለ።

እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ አንድ ዙር ከተተወና ጎረቤቱ ሁሉ ሌት ተቀን ከቀዳ፣ የከተማው ግፊት ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚወጣው። አዋላጇ በጥርኝ ውሃ የምትታጠበው በእናቴ ቧንቧ ሰበብ ነው ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዳቦ ቤት ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር።

መጋቢት 27

አባ ቁልፍን አስጠራሁት። ሻይ አላዘዝኩም።

"የእናቴን መንገድ አንድ ዙር ያስቀረኸው አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ማን አዘዘህ?"

"እርስዎ ነዎታ" አለኝ፣ ግራ ገብቶት። "'እማዬ ደግሞ ጉልበቷ ብሶባታል፣ ከበርሜል እየቀዳች እንዴት እንደምትሆን እንጃ' አላሉኝም? እዚሁ ወንበር ላይ ሆነው። እኔ ደግሞ 'አያስቡ' አልኩዎት። እርስዎም ደስ አለዎት።"

ቃል በቃል ነው የያዘው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ድሮ እኔ ቫልቭ አፍ ላይ ቆሜ ባማርር ማንም አይሰማኝም ነበር። አሁን በረጅም ወንበር ላይ ተቀምጬ የተነፈስኩት ሁሉ ትእዛዝ ሆኖ ይወጣል፤ ይህን የነገረኝ የለም፣ እኔም ማወቅ ነበረብኝ።

"ውሃው ላይ የማይወጣው በዚህ እንደሆነ አልገባህም?"

"መጀመሪያ አልገባኝም። በድሮው አሠራር አንድ ዙር ማንን ጎድታ ታውቃለች? ኋላ ሲገባኝ ደግሞ..." ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አዟዟረው። "ምን ብዬ ልምጣ? የታመመች እናትሽን ውሃ ልከልክላት ወይ ብዬ ልጠይቅሽ? ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ማን ደፍሮ ይንገርሽ? እኛ እኮ የምታውቂ መስሎን ነው።"

"አንቺ" አለኝ፣ ከተሾምኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልቆጣ የነበረው ሁሉ ከላዬ ላይ ወረደ።

ሚያዝያ 1

ታችኛው በደንብ ተዘግቶ አደረ። ጠዋት አዋላጇ ደወለች። መናገር አልቻለችም፤ ስልኩን ወደ ገንዳው አስጠግታ አሰማችኝ። ውሃው ሲወርድ ከኋላ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እስኪሞላ አዳመጥኩ።

ሚያዝያ 4፣ ማታ

ስብሰባው ከነገ ወዲያ ነው። ለከንቲባው ሁሉንም ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና "ማን ይጠይቅሻል?" አለኝ። "ውሃው ወጥቷል። መስመር ላይ ብልሽት ነበር፣ ተጠገነ በይ። ውሸት አይደለም። በቦታሽ ትጸኛለሽ፣ እኛም እንገላገላለን።"

"ታችኛው ሰፈር እኮ ያውቃል።"

"ያውቃል፤ ማስረጃ የለውም።"

መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል መጣሁ። ደግ ሰው ነው፣ ለእኔ አስቦ ነው። ግን ታችኛው ሰፈር ያየውን አይቷል። ብልሽት ነበር ካልኩ እኔ እተርፋለሁ፤ ፈረቃውን ግን ማንም አያምነውም፣ ቫልቭ ሁሉ በድንጋይ ያልቃል። እውነቱን ካወጣሁ ፈረቃው ሊተርፍ ይችላል፣ እኔ ግን አበቃልኝ። ወንበሩን እንደወደድኩት ዛሬ ነው ያወቅኩት። በጣም ወድጄዋለሁ። ገና ብዙ የማስበው ነበረኝ፤ አሮጌው መስመር፣ ሁለተኛው ማጠራቀሚያ... ለማን ነው የምተወው?

ባለቤቴን "አንተ ብትሆን?" አልኩት። "እኔ ወንበሬ ዝቅተኛ ነው፤ ብወድቅም አያመኝም" አለኝና ብርድ ልብሱን ወደኔ ሳበልኝ።

ሚያዝያ 6፣ ሌሊት

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እማዬ መጥታለች፤ ማን እንዳመጣት አላውቅም፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አየኋት። አባ ቁልፍ በሩ ጋ ነበር።

የጻፍኩትን ወረቀት አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ውሃው ለሳምንታት ላይኛው ሰፈር ያልወጣው በእናቴ መንገድ ያለው ቫልቭ በደንብ ስላልተዘጋ ነው አልኩ። እንዲተው በፊርማ አላዘዝኩም፤ ግን አለቃ ሆኜ ስለ እናቴ አማረርኩ፣ ማማረሬም እንደ ትእዛዝ ተቆጠረ። ታችኛው ሰፈር የታዘባችሁት እውነት ነው፤ ጥፋቱ የፈረቃው ሳይሆን የእኔ ነው አልኩ።

አናጢው ተነሳ። "ማን ነው የተወው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሳታውቂ ነው?"

"አላውቅም ነበር" አልኩ። ቀጥዬም "ቫልቮቹን ሁሉ ስዞር የእናቴን መንገድ ሳላይ ቀረሁ። አንዴ መሸብኝ፣ አንዴ ተጠራሁ። ሰው ማየት የማይፈልገው ነገር ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይመሽበታል" አልኩ። ይህን ለራሴም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

አባ ቁልፍ ከበሩ ወደፊት ሲራመድ ከእሱ ቀድማ የተናገረችው እማዬ ናት። "ልጆቼ" አለች፣ ድምፅዋ ደካማ ነበር፣ አዳራሹ ግን ጸጥ ብሎ ሰማት። "ውሃው ሲመጣ አይቻለሁ። ልጄ ያስለቀቀችው መስሎኝ ዝም አልኩ። አልቀዳሁም፤ ዝም ማለቴ ግን መቅዳት ነው። በእሷ ስትፈርዱ በእኔም ፍረዱ።"

ማንም አላጨበጨበም። አናጢው የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ ወደ ኋላ ወሰደላት።

ፈረቃው በሰፊ ድምፅ ጸደቀ። በቀጣዩ ወር ከሌላ ቦታ ሥራ አስኪያጅ ይመጣል፤ እኔ ወደ ድሮ ሥራዬ። ከንቲባው ሲጨብጠኝ ዓይኔን አላየኝም። አባ ቁልፍ ውጪ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። "እኔን ልትሸሽጊ? ነገ ለሁሉም ሠራተኛ ራሴ እነግራለሁ፤ ያ ልማድም ቀርቷል" አለኝ። ከዚያ መክፈቻውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ "አንቺ ልጅ፣ ሌላ ጊዜ ማማረር ሲያምርሽ ውጪ ወጥተሽ አማርሪ" አለኝ።

ሚያዝያ 9

እማዬ ቤት ነኝ፤ እሷ አልጋዋ ላይ፣ እኔ እግሯ ሥር። ከስብሰባው ወዲህ ዛሬ ነው ቁጭ ብለን ያወራነው። የታችኛው ሰፈር ተራ ስለሆነ በርሜሉን ሞላሁላት፣ ሳህኑን አጠብኩላት፣ ጉልበቷን አሸሁላት። ከዚያ ጠየቅኳት።

"ያን ጊዜ ለምን አልጠየቅሽኝም? 'ውሃውን አንቺ ነሽ ወይ ያስለቀቅሽው' ብትይኝ ምን ነበር?"

"ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

የገዛ እናቴ ያን ሁሉ ሳምንት ሌባ ናት ብላ አስባኝ፣ ያንኑም ይዛ ፀጉሬን ስትዳብሰኝ ከርማለች። ልከፋ ፈለግኩ፣ ግን መከፋቱ አልመጣልኝም።

"አሳፍሬሽ ነበራ" አልኳት።

"አሳፍረሽኝ ነበር።" ትራሷን አስተካከለች። "ሌላም አለ። ሰው ሲሰማ ደስ አይልም። ሌሊት ተኝቼ ያ ውሃ ጠብ ሲል ስሰማ፣ ከዚያ ሁሉ ሥራዋ መሃል ልጄ አሰበችኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት አፍራለሁ፣ ማታ ደግሞ ደስ ይለኛል።"

እኔ በእነዚያ ሳምንቶች ስንቴ መጣሁ? ለጥቂት ደቂቃ፣ ስልክ እያናገርኩ፣ ግንባሯን ስሜ እየሮጥኩ። ለላይኛው ሰፈር ውሃ ላወጣ ሳስብ፣ ስለ እማዬ ያሰበው አባ ቁልፍ ነበር።

"አሁን እኔ እንዳልነበርኩ ስታውቂ፣ አዘንሽ?"

"ትንሽ" አለችና እየሳቀች እጇን ዘረጋችልኝ።

አልጋዋ ላይ ወጥቼ አጠገቧ ጋደም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ዛሬ እዚሁ አድራለሁ ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩለት።